በራዲዮ የምትመራ ትንሽ የእሽቅድምድም ጀልባ እንዴት ትሠራለች? እንዴትስ ትስተካከላለች?

«የሕፃናት መጫወቻ ትሠራላችሁ አሉ» እያሉ የሚያሾፉብን ጓደኞች አሉን። እኛም ነገሩን አናስተባብልም፤ በራዲዮ የምትመራ ትንሽ ጀልባ በእርግጥ መጫወቻ ናት። ነገር ግን ርዝመቷ 80 ሳንቲ ሜትር፥ ክብደቷ ሦስት ኪሎ የማይሞላ አንዲት ጀልባ በሐይቅ ላይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ በዓይኑ ያየ ሰው ከዚያ ወዲያ ቃሉን እንዲህ አቅልሎ አይናገረውም። መሪዋ እምቢ ብሏት ወደ ዳር የመጣች እንደ ሆነ የቆመን ሰው እግር ለመስበር ትበቃለች። እንግዲህ እንደዚህ ያለችው ጀልባ እንዴት እንደምትሠራ፥ ይልቁንም ከተሠራች በኋላ እንዴት እንደምትስተካከል፥ በሥራ የተማርነውን ያህል እንገልጻለን። በስቴንሲል ላይ ሥዕል መሣል ስለማይሆንልን አንባቢው የምንለውን በሐሳቡ እየሣለ እንዲከተለን እንለምናለን።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኒኮላ ቴስላ የተባለው የኤሌክትሪክ ሊቅ በ1898 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን) በኒው ዮርክ ከተማ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ውስጥ፥ በገንዳ ላይ ያለ ሽቦ የምትታዘዝ ጀልባ ለሕዝብ አሳይቷል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 8 ቀን በአሜሪካ መንግሥት ዘንድ በቁጥር 613,809 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዛሬ ይህ ነገር ሕግና ደንብ ያለው ስፖርት ሆኗል፤ ናቪጋ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር፥ በሰሜን አሜሪካም ናምባና ኢምፕባ የተባሉት ማኅበሮች ውድድር ያካሂዳሉ። ጀልባዎቹ በሞተራቸው ዓይነት፥ በባትሪያቸው ብዛትና በአካላቸው ቅርጽ በየክፍላቸው ተለይተው፥ በተንሳፋፊ ምልክቶች በተከለለ ጎዳና ላይ ይሽቀዳደማሉ። የነዳጅ ሞተር ያላቸውም አሉ፤ እኛ ግን የምንናገረው በኤሌክትሪክ ስለምትሠራውና አንድ አካል ብቻ ስላላት፥ ሆዷም እንደ «ቪ» ፊደል ስለ ሾለው ዓይነት ነው። ለጀማሪ የሚሻለው ይኸው ነው ብለን እናምናለን።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። በጣና ላይ የሚሄደውን የደንገል ታንኳ ያየ ሰው፥ ታንኳው ውኃውን በፊቱ እየገፋ፥ ማዕበል እየሠራ እንደሚሄድ ያውቃል። ዊልያም ፍሩድ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1870ዎቹ ዓመታት በቶርኪ ከተማ በሠራው ገንዳ ውስጥ ትንንሽ የመርከብ አምሳያዎችን እየጎተተ ይህን ጉዳይ መርምሯል። ከእንዲህ ያለው ምርመራ የተገኘው ትምህርት የሚከተለው ነው፤ ውኃውን እየገፋ የሚሄድ አካል ፍጥነቱ በርዝመቱ ይወሰናል። በግምት የርዝመቱን (በሜትር) ካሬ ሥር በ4.5 ብናበዛው በሰዓት የሚሄደውን ኪሎ ሜትር እናገኛለን። የእኛ ጀልባ 80 ሳንቲ ሜትር ስለሆነች ሒሳቡ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጠናል። አራት ኪሎ ሜትር ማለት የሰው የእግር ጉዞ ነው! ከዚያ በላይ ለመሄድ የፈለገች እንደ ሆነ የራሷን ማዕበል እንደ ዳገት መውጣት ይሆንባታል።

ስለዚህ መድኃኒቱ ውኃውን መግፋት ትቶ በላዩ ላይ መውጣት ነው። ጀልባዋ ስትፈጥን ውኃው ሆዷን ወደ ላይ ይገፋታል፤ ከፊቷ ተነሥታ በኋላዋ ጥቂት ክፍል ብቻ ውኃውን እየነካች ትንሸራተታለች። ውኃ ከአየር ከ800 ጊዜ በላይ ስለሚከብድ ከውኃው ያዳንነው እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ፍጥነት ሆኖ ይመለስልናል። ነገሩ ግን ሌላ ፊት አለው፤ ከውኃው እጅግ የወጣች ጀልባ የሚይዛት የለም፤ ነፋስ ከሥሯ ገብቶ ይገለብጣታል። የማስተካከል ሥራ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ ቦታ መፈለግ ነው፤ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ወደዚሁ የሚመለስ ነው።

አካሏ አብዛኛውን ጊዜ ከፋይበር ግላስና ከኤፖክሲ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይሠራል። ከላይ የሚታየው ቀለም ዓይን ቢያስደስትም ለፍጥነት የሚጠቅመው የሆዷ የኋላ ክፍል ነው። ጀልባዋን ገልብጦ የብረት ማስመሪያ በሆዷ ላይ በርዝመቷ ማጋደም ይገባል። ከኋላ ግድግዳዋ ጀምሮ እስከ ሢሶ ርዝመቷ ድረስ በማስመሪያውና በሆዷ መካከል ብርሃን ማለፍ የለበትም። ሆዷ ወደ ውስጥ የጎደጎደ እንደ ሆነ ውኃው ኋላዋን አንሥቶ አፍንጫዋን ወደ ታች ይደፋባታል፤ ወደ ውጭ ያበጠ እንደ ሆነ ደግሞ አፍንጫዋ እየተነሣ እየወደቀ እንደ ፈረስ ትጋልባለች። የጎደለውን በስቱኮ መሙላት፥ ያበጠውን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ነው፤ ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ እኛ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ፈቅፍቀን አልተጸጸትንም።

የሆዷና የኋላ ግድግዳዋ የሚገናኙበት ጠርዝ ስለታም መሆን አለበት። ምክንያቱን ለማወቅ የፈለገ ሰው ወደ ቧንቧ ሄዶ የማንኪያን ጀርባ ወደሚወርደው ውኃ ያስጠጋ፤ ማንኪያው በውኃው ተገፍቶ እንደሚሸሽ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ወደ ውኃው ይሳባል! ውኃ ክብ የሆነውን ነገር ተከትሎ መታጠፍ ይወዳል፤ ሲታጠፍም ይስባል። የጀልባዋ የኋላ ጠርዝ ክብ የሆነ እንደ ሆነ ውኃው ግድግዳዋን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣና ወደ ታች ይዞ ይጎትታታል። ጠርዙ ስለታም ሲሆን ግን ውኃው ተቈርጦ ይቀራል።

ሌላው የአካሏ ጉዳይ መገልበጥ ነው። በዚህ ዓይነት በብዙዎቹ ጀልባዎች ውስጥ በአንድ ጎን ብቻ ውኃ የሚገባበት ባዶ ክፍል ይሠራል። ጀልባዋ ስትገለበጥ ያ ክፍል ውኃ ይሞላና ይከብዳል፤ በክብደቱም እንደገና ያቃናታል፤ ስትሄድ ውኃው በኋላ ቀዳዳ ይፈስሳል። ብልሃቱ እጅግ ቀላል ሆኖ ሳለ መጀመሪያ ባየነው ጊዜ አጨብጭበናል። ከዚህም ሌላ ባዶ በሆነው ቦታ ሁሉ ስፖንጅ የመሰለ ውኃ የማይጠጣ ፎም መጠቅጠቅ ይገባል፤ አለዚያ ውኃ የገባባት ቀን ባትሪውም፥ ሞተሩም፥ የወር ገንዘባችንም አብረው ወደ ታች ይወርዳሉ።

አሁን ወደ ሞተሩ እንሂድ። ብሩሽ የሌለው ሞተር በላዩ ላይ አንድ ቁጥር ተጽፎበት ይሸጣል፤ ኬቪ ይሉታል። ትርጓሜው ሞተሩ ጭነት ሳይኖርበት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። ባለ 2,000 ኬቪ ሞተር ወስደን፥ አራት ሕዋስ ካለው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ጋር ብናገናኘው፥ የእያንዳንዱ ሕዋስ መካከለኛ ቮልት 3.7 ስለሆነ በጠቅላላው 14.8 ቮልት ይሆናል፤ በ2,000 ሲበዛ 29,600 ዙር። ጭነት ሲኖርበት ሰማንያ ከመቶው ይቀራል እንበል፤ 23,700 ገደማ ይሆናል።

ቀጥሎ ፕሮፔለሩ አለ። በእነዚህ ጀልባዎች ዘንድ ታዋቂ የሆኑት ኦክቱራ የሚባሉት ፕሮፔለሮች ስማቸው ራሱ ሒሳብ ነው። «ኤክስ 440» ሲባል ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ጊዜ ሲዞር ሊሄድ የሚገባው ርቀትም የስፋቱ 1.4 እጥፍ ማለት 56 ሚሊ ሜትር ነው። 23,700 ጊዜ 56 ሚሊ ሜትር በደቂቃ 1,327 ሜትር፥ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ፕሮፔለር በውኃ ውስጥ እንደ ብሎን ሳይንሸራተት ስለማይሄድ ዐሥራ አምስት ከመቶ ብንቀንስለት 68 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ ሳይሠሩ ገንዘብ ይዞ ወደ ገበያ መሮጥ ስንፍና ነው።

የዚህ ፕሮፔለር አሠራር ከትልልቅ መርከቦች ይለያል። በሩጫ ጊዜ ግማሹ ከውኃው በላይ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጠል በአየር ውስጥ አልፎ ወደ ውኃው በጥፊ ይገባል። እንዲህ በመሆኑ የፕሮፔለሩን መያዣና ሻፍቱን ከውኃው አውጥተናቸዋል፤ ደግሞም ፕሮፔለሩ እየገፋ ሳለ የጀልባዋን ኋላ ወደ ላይ ያነሣል። ቅጠሉ በጥፊ ስለሚገባ ጠርዙ እንደ ቢላዋ መሳል አለበት፤ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሻካራና ደነዝ ነው። ሁለቱ ቅጠሎች በክብደት እኩል መሆናቸውንም፥ በቀጭን ዘንግ ላይ ሰክቶ ዘንጉን በሁለት ምላጮች ስለት ላይ በማጋደም ማወቅ ይቻላል፤ ከባዱ ቅጠል ወደ ታች ይዞራል፤ እርሱን ጥቂት በጥቂት መሞረድ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢውን በብርቱ እናስጠነቅቃለን። ከእነዚህ ፕሮፔለሮች ብዙዎቹ የተሠሩት መዳብ ከበሪሊየም ጋር ተቀላቅሎ ነው። የበሪሊየም ትቢያ ወደ ሳንባ ከገባ የማይድን የሳንባ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ በሽታውም ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገለጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በደረቁ መሞረድም፥ በመኪና መሳልም፥ ትቢያውን በአፍ እፍ ማለትም ፈጽሞ አይገባም። በውኃ ውስጥ ነክሮ፥ እርጥብ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት፥ ጓንትና ለትቢያ የተሠራ ጭንብል አድርጎ ነው። ውኃውም በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ በከረጢት ይታሰራል እንጂ በማደሪያ ክፍል ወለል ላይ ደርቆ እንዲቀር አይተውም። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ተስሎ የተሸጠውን ወይም ከሌላ ነገር የተሠራውን ይግዛ፤ ጥቂት ቢዘገይ ምንም አይጎዳውም።

ሞተሩን ከፕሮፔለሩ ጋር የሚያገናኘው የሚተጣጠፍ የብረት ኬብል ነው፤ በናስ ቱቦ ውስጥ በግሪስ ይዞራል። ኬብሉ ጭነት ሲያገኘው እየጠበቀ ያጥራል፤ ስለዚህ በፕሮፔለሩና በመያዣው መካከል ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይተዋል። ይህን ሳንተው የገጠምን ጊዜ ኬብሉ ተስቦ መያዣውን ነከሰና ሞተሩን አፈነው። ደግሞ ከሩጫ በኋላ ኬብሉን አውጥቶ፥ ጠርጎ፥ ግሪስ መቀባት የማይቀር ግዴታ ነው፤ ዛገ ማለት ተበጠሰ ማለት ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረን ስሕተት ግን ይህ ነው። ጀልባችን በደኅና ስትሮጥ ሳለ «ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ብንጨምር ምን አለበት?» ብለን የ40ውን አውጥተን የ42ቱን ፕሮፔለር ገጠምን። በሁለተኛው ዙር የፍጥነት መቈጣጠሪያው ጢስ አወጣ፤ ሽታውን እስካሁን አንረሳውም። ወደ መጽሐፍ ተመልሰን ስናይ ጥፋቱ የእኛው ነበር። ቅርጻቸው አንድ የሆነ ፕሮፔለሮች በእኩል ዙር ሲሽከረከሩ የሚበሉት ኃይል በስፋታቸው አምስተኛ ርቢ ይጨምራል። 42 ለ40 ሲካፈል 1.05 ነው፤ እርሱም አምስት ጊዜ በራሱ ሲበዛ 1.28 ይሆናል። ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ያልነው ሃያ ስምንት ከመቶ ተጨማሪ ጭነት ኖሯል! ዙሩ ሲጨምር ደግሞ ኃይሉ በሦስተኛ ርቢ ያድጋል፤ ስለዚህ ባትሪውን ከአራት ሕዋስ ወደ አምስት የሚያሳድግ ሰው ፕሮፔለሩን ሳያሳንስ እንዳይሞክረው።

ስለ ባትሪው ጥቂት እንበል። 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የያዘ ባትሪ በአማካይ 80 አምፔር ቢሳብበትና አንድ አምስተኛው ሳይነካ ቢተው፥ ሦስት ደቂቃ ያገለግላል። ስድስት ቀን ሠርቶ ሦስት ደቂቃ መጫወት! አንድ ሕዋስ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። ለብዙ ቀን ሲቀመጥ 3.8 አካባቢ መሆን አለበት። ያበጠ፥ የተወጋ ወይም የተጨመቀ ባትሪ በእሳት ይነድዳል፤ እሳቱም በቀላሉ አይጠፋም። ስለሆነም ባትሪ የሚሞላው ሰው ባለበት፥ በማይቃጠል ዕቃ ውስጥ፥ ለእርሱ በተሠራ መሙያ ብቻ ነው። በማደሪያ ክፍል አልጋ ሥር ባትሪ ሰክቶ ወደ ክፍል መሄድ በጓደኞቻችን ሕይወት መጫወት ነው፤ ይህን ያደረገ ከእኛ መካከል ቢገኝ ጀልባ ሠሪ አንለውም።

የራዲዮው ነገር ዛሬ ቀላል ሆኗል። ቀድሞ በ27 ሜጋ ኸርዝ ሁለት ሰዎች በአንድ ሞገድ ቢገናኙ የአንዱ ትእዛዝ የሌላውን ጀልባ ያሳስት ነበር፤ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠሩት የአሁኖቹ ግን አስተላላፊውና ተቀባዩ ተዋውቀው ስለሚሠሩ ይህ ችግር ቀርቷል። ሆኖም ይህን ሞገድ ውኃ በብርቱ ይውጠዋል፤ የተቀባዩ አንቴና ከውኃው መስመር በላይ መቆም አለበት። ግንኙነት ሲቋረጥ ሞተሩ እንዲቆም ተቀባዩን ማዘጋጀትም ግድ ነው። ጀልባዋን በማቆሚያዋ ላይ አድርጎ፥ ፕሮፔለሩን አውልቆ፥ ሞተሩን በዝግታ እያዞሩ አስተላላፊውን ማጥፋት ነው፤ ሞተሩ ካልቆመ ያን ቀን ወደ ውኃ አትገባም።

እንግዲህ ወደ ማስተካከሉ ደርሰናል። መጀመሪያ ሚዛኗ ነው። ባትሪውን ጨምሮ ሁሉ በቦታው ሳለ ጀልባዋን በሁለት ጣት ከግራና ከቀኝ አንሥቶ የምትመዝንበትን ቦታ ማግኘት ነው። ለዚህ ዓይነት ጀልባ ከኋላ ግድግዳዋ ሲለካ ከርዝመቷ ሠላሳ ከመቶ ያህል ላይ ቢውል ጥሩ መነሻ ነው፤ ለ80 ሳንቲ ሜትር ጀልባ 24 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ባትሪውን ወደ ፊት ብንገፋው ሆዷ ብዙ ውኃ ትነካለች፤ ትረጋለች፥ ትዘገያለች፥ በመታጠፊያው ላይም አፍንጫዋን ትተክላለች። ወደ ኋላ ብንስበው ትፈጥናለች፤ ግን ትጋልባለች፤ አንድ ቀንም ትበራለች።

ሁለተኛው የፕሮፔለሩ መያዣ ነው። መጀመሪያ ሻፍቱን ከሆዷ መስመር ጋር ትይዩ አድርጎ መጀመር፤ ከዚያ በግማሽ ሚሊ ሜትር እየለዩ ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። ሲወርድ ኋላዋን አብዝቶ ያነሣና አፍንጫዋን ይደፋል፤ ሲወጣ አፍንጫዋ ይለቀቃል፥ ፍጥነቷ ይጨምራል፤ እጅግ የወጣ እንደ ሆነ ግን ፕሮፔለሩ አየር ብቻ እየመታ ይጮኻል፥ ጀልባዋም ከመነሻዋ አትነቃነቅም። በኋላ ግድግዳዋ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ጠፍጣፋ ብረቶች አፍንጫዋን ለመግራት ያገለግላሉ። ፕሮፔለሩ ወደ አንድ ወገን ሲዞር አካሏን ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላታል፤ ይህን ባትሪውን ጥቂት ወደ ጎን በማዞር ወይም ከሁለቱ ብረቶች አንዱን በማውረድ እናቃናለን።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፥ የለወጡትንም መጻፍ ያስፈልጋል። እኛ ሦስት ነገር አብረን ለውጠን ጀልባዋ በተሻለች ጊዜ ከሦስቱ የትኛው እንደ ረዳት ሳናውቅ ቀርተናል። በደብተራችን ላይ የነፋሱን ሁኔታ፥ የፕሮፔለሩን ስፋት፥ የባትሪውን ቦታ፥ የሄደችበትን ፍጥነትና ስትመለስ የሞተሩንና የባትሪውን ሙቀት እንጽፋለን። ባትሪው ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ፕሮፔለሩ በዝቶባታል ማለት ነው፤ ፍጥነቷ ምንም ቢያስደስት ማሳነስ ነው።

የነፋሱን ነገር በደብተር የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የአየር ማንሣት በፍጥነቱ ካሬ ይጨምራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ጀልባ 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥማት አየሩ የሚያያት በ100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም ነፋስ በሌለበት በ60 ስትሄድ ከሚያነሣት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። እንግሊዛዊው ዶናልድ ካምቤል በጃንዋሪ 4 ቀን 1967 በኮኒስተን ሐይቅ ላይ ብሉበርድ ኬ 7 በተባለችው የጄት ጀልባው የውኃ ላይ ክብረ ወሰኑን ለማሻሻል ሲሞክር፥ በመጀመሪያው ጉዞ በሰዓት 478 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ነበር። በመልሱ ጉዞ የጀልባዋ አፍንጫ ተነሣ፤ በአየር ላይ ተገልብጣ ወደ ውኃው ገባች፤ ካምቤልም በዚያው ሞተ። ጀልባዋ ከሐይቁ የወጣችው በ2001 ነው። በእኛ ጀልባ ውስጥ ማንም አልተቀመጠም፤ የሚያነሣት አየር ግን ያው ነው።

ለእኛ ለደገኞቹ አንድ ልዩ ነገር አለ። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ናት፤ አየሯም ከባሕር ዳር አየር በአንድ ስድስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የነዳጅ ሞተር በዚህ ምክንያት ጉልበቱ ሲቀንስ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ አይጎዳም። ነገር ግን እዚህ በጠርዝ ላይ አስተካክለናት የምትሮጥ ጀልባ ወደ ባሕር ዳርቻ አገር ተወስዳ በዚያው ፍጥነት ብትለቀቅ፥ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል አብልጦ ያነሣታል። ስለዚህ ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ጓደኛችን ጀልባውን ይዞ ከሄደ፥ ከመልቀቁ በፊት ባትሪውን አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይግፋው።

ጀልባዋ በሐይቁ መካከል የቆመች እንደ ሆነ ዋኝቶ መከተል አይገባም። የእሳተ ገሞራ ሐይቆቻችን ከዳር ጥቂት ርምጃ ሳይርቁ ይጠልቃሉ፤ ፕሮፔለሩም ራዲዮው ሲመለስ ሳይታሰብ ሊዞር ይችላል። እኛ የምንይዘው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው፤ በክሩ ጫፍ የቴኒስ ኳስ አስረን ከጀልባዋ ወዲያ እንወረውርና ክሩ እስኪያቅፋት ድረስ ቀስ ብለን እንስባለን። ርቃ ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ወደ ዳር እስኪያመጣት ድረስ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፤ አንድ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዐሥር ሰዓት ጠብቀናት፥ በወዲያኛው ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አግኝተዋት በዘንቢል አድርገው መለሱልን።